ጣናን በቅል

ጠጋ በሉ፤ ወንበር ያልደረሰው መደቡ ላይ ይቀመጥ። የምተርክላችሁ በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕና በአንድ ትልቅ ሐይቅ መካከል የሆነውን ነው። ቦታው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙ ያልራቀች አንዲት የኪራይ ክፍል። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት። ከተማው ተኝቷል፤ አልፎ አልፎ የባጃጅ ድምፅ ከሩቅ ይመጣና ይጠፋል፤ እኔ ከማሽኔ ፊት ተቀምጫለሁ።

ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ መስመር ጽፌ ነበር። ለዳታቤዙ፣ «ከዝናቡ ሠንጠረዥ ያለውን ሁሉ አምጣልኝ» የሚል። ቁልፉን ተጭኜ ቡና ላፈላ ተነሣሁ። ስመለስ የላፕቶፗ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ማውሱን ባንቀሳቅሰው ቀስቱ ካለበት አይነቃነቅም። የዲስኳ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ይላል። ታገሥሁ። ቡናው አንደኛ ሆነ፣ ሁለተኛ ሆነ፣ በረካ ሆነ፤ ታገሥሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት ቃል ብቅ አለች፦ «ኪልድ»። ተገደለ ማለት ነው። ፕሮግራሜን የገደለው የገዛ ማሽኔ ነበር፤ አንዲት ረድፍ እንኳ ሳላነብ።

በማግሥቱ ሌሊት ደገምሁት፤ ያው ሆነ። በሦስተኛውም ያው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰርቨሩ ያለበት መሥሪያ ቤት ደውዬ፣ «ሰርቨራችሁ ደክሟል፣ ጥያቄ አይመልስም» አልኋቸው። ድምፄንም ከፍ አደረግሁ። ይህን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል፤ ሰዎቹ ያጠፉት ነገር አልነበረምና።

የዝናብ ቁጥር ለምን እንደፈለግሁ ልንገራችሁ። በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ገና ልጅ ሳለሁ ጣና ሸሸ። ውኃው ከዳር እየራቀ ሄደና ጀልባ ይቆምበት የነበረው ስፍራ ጭቃ ሆነ፤ ጭቃውም ደርቆ ተሰነጣጠቀ። የሐይቁ መርከቦች መጓዝ አቃታቸው። በዳርቻው ያለ ገበሬ ውኃ ጥሎት በሄደው መሬት ላይ እርሻ ያዘ። ትልልቆቹ ሰዎች ማታ ማታ ሲከራከሩ እሰማ ነበር፤ አንዱ ዝናቡ ነው ይላል፣ ሌላው ጨረጨራ ነው ይላል። ጨረጨራ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል የተሠራው ግድብ ነው፤ በ1988 በሁለት በሮች ተሠርቶ፣ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሲመጣ በ1993 አምስት በሮች ተጨመሩለት። ሐይቁ ሲሸሽ ዝናብም ጎድሎ ነበር፣ ውኃም ለመብራት ተለቅቆ ነበር። የአንዱ ድርሻ ስንት፣ የሌላው ስንት እንደሆነ ግን በእኛ ግቢ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ጥያቄው አብሮኝ አደገ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ በወሬ አይመለስም፤ ቁጥር ይፈልጋል። በጣና ዙሪያ ዝናብ የሚለኩ ጣቢያዎች አሉ፤ ነገር ግን በጣቢያና በጣቢያ መካከል ስንት ተራራ፣ ስንት ሸለቆ አለ፤ አንዳንዱ መዝገብም ወራት፣ አልፎም ዓመታት ይጎድሉታል። ስለዚህ የውኃ አጥኚዎች «ቺርፕስ» የሚባለውን መረጃ ይጨምሩበታል። በአሜሪካ በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአገራቸው የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ጋር ያዘጋጁት ነው። ሳተላይቱ ከላይ የደመናውን ቅዝቃዜ ያያል፤ ያ ከምድር ጣቢያዎች ልኬት ጋር ይቀናጃል፤ ከዚያም ምድሪቱ ጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል በሚሆን አራት ማዕዘን ተቆራርጣ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የየዕለቱ ዝናብ ይሰጣል። መዝገቡ የሚጀምረው በእነሱ 1981፣ በእኛ 1973 ላይ ነው። ለማንም ክፍት ነው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። ባሕር ዳር ተቀምጦ ከአርባ ዓመት በላይ የአገሩን ዝናብ ቀን በቀን ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። የዓባይ ተፋሰስ በኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። አንዱ ቁራጭ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ተፋሰሱ ወደ 6,600 ቁራጭ ይወጣዋል። ከ1981 መጀመሪያ እስከ 2023 መጨረሻ 15,705 ቀን አለ። አባዙት፤ ከ103 ሚሊዮን በላይ ረድፍ ይመጣል። እኔ ያን ሌሊት የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር «ሁሉን አምጣልኝ» ያልሁት ይህን ነው። የላፕቶፔ ራም 8 ጊጋባይት ነው።

ለምን አስቀድሜ እንዳልጠረጠርሁም ልንገራችሁ፤ በዚህ ብዙ ሰው ይወድቃልና። ሠንጠረዡን መጀመሪያ የከፈትሁት «ዲቢቨር» በሚባለው መሣሪያ ነበር። ያንኑ መስመር ጻፍሁ፤ ውጤቱ በቅጽበት መጣ። ቀላል ነው አልሁ። መሣሪያው ግን ካልነገሩት በቀር መጀመሪያ የሚያመጣው 200 ረድፍ ብቻ ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ሌላ ይጨምራል። እኔ ያየሁት የሐይቁን ዳር ነበር፤ መሐሉን ያየሁ መስሎኝ ፕሮግራም ወደምጽፍበት ቋንቋ፣ ወደ ፓይተን ተሻገርሁ።

አሁን ወደ እታለም እንምጣ። በሥጋ እህቴ አይደለችም፤ በእኛ አገር ወግ እንዲህ ብዬ የምጠራት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ፖሊ ተምራለች። ፖሊ ማለት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው፣ በኋላም በ1992 ፔዳ ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። እሷ የዳታቤዝ ሰው ናት፤ እንጀራዋም እሱ ነው። በአራተኛው ቀን ማታ አገኘኋት።

«እታለም፣ ሰርቨሩ ገደለኝ» አልኋት።

«ሰርቨሩ ምን አለህ?»

«ምንም። ዝም።»

«ዝም ያለው ሥራውን ጨርሶ ይሆናል፣ ወንድምዓለም። እሱን ተወውና ጎተራህን ንገረኝ። ስንት ይይዛል?»

ነገርኋት። ወረቀት አወጣች። እሷ ነገር የሚገባት ስትጽፍ ነው፤ እኔም ከእሷ የተማርሁት ያንኑ ነው።

መጀመሪያ የነገረችኝ ይህ ነው። የሰርቨሩ ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ይባላል፤ ረድፎቹን ሁሉ ሰብስቦ ይዞ አይጠብቅም፤ እንዲህ ያለውን ቀላል ጥያቄ ሲመልስ ረድፉን እንዳገኘ ወደ ጠያቂው ይልካል። የሚሰበስበው በእኔ በኩል ያለው ክላየንት ነው። ፓይተን ከፖስትግሬስ ጋር የሚነጋገርበት «ሳይኮፒጂ» የተባለው ላይብረሪ ከሥሩ የፖስትግሬስን የራሱን የክላየንት ላይብረሪ ይጠቀማል፤ ያ ደግሞ ሌላ ካልታዘዘ ልማዱ አንድ ነው። የመጨረሻዋ ረድፍ እስክትደርስ ሁሉን በራም ውስጥ ይከምራል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ፣ «እነሆ፣ አንብብ» ይላል። ስለዚህ ማሽኔ የወደቀችው ገና ሲከመር ነው። እኔ «ፌች ኦል» ወደምትለው ትእዛዝ አልደረስሁም። ራሙ ሲሞላ የላፕቶፔ ሥርዓት ሊኑክስ ትርፉን ወደ ዲስክ ማውጣት ጀመረ፤ መብራቷ ያን ሁሉ ሰዓት ስትርገበገብ ያደረችው ለዚህ ነበር። ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲተያይ እጅግ ዘገምተኛ ነው። እሱም ሲሞላ ሊኑክስ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ገደለ። ማሽኗን ለማዳን ነው።

«ግን እኮ እታለም» አልሁ፣ «አንዱ ረድፍ ሦስት ቁጥር ነው። የቁራጩ መለያ 4 ባይት፣ ቀኑ 4 ባይት፣ ዝናቡ 4 ባይት። 12 ባይት ነው። በ103 ሚሊዮን ቢባዛ 1.2 ጊጋባይት እንጂ አይሆንም። 8 ጊጋባይት እንዴት አነሰው?»

ዝም ብላ አየችኝ። «ነገ ማለዳ ሐይቁ ዳር እንገናኝ» አለችኝ።

ጣና ማለዳ ሲያዩት ሌላ ነው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ እስኪነሣ ውኃው እንደ ምጣድ ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ለዚህ ነው ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ገና ሳይነጋ የሚነሣው። ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው የመጡ አንድ አባት ጭነታቸውን እያወረዱ ነበር። ታንኳው ከደንገል የተጠቀለለ ነው፤ የሐይቁ ዳር ሰዎች ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁበት ሥራ። እታለም ሰላምታ ሰጥታ፣ «አባቴ፣ ይህ ታንኳ ስንት እንጨት ይይዛል?» አለቻቸው።

«ደረቅ ሲሆን ነው እርጥብ ሲሆን?» አሉ።

እኔ አልገባኝም። እሳቸውም ገባቸው መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ደንገል ይጠጣል» አሉኝ። «ስትነሣ ቀላል ነው። ስትመጣ እሱ ራሱ ጭነት ነው። አንተ እንጨቱን ቆጥረህ ትጭናለህ፤ የጠጣውን ውኃ ግን አልቆጠርኸውም። ስለዚህ እንጨቱን አውርደህ ታንኳውን ታቆመዋለህ፤ ፀሐይ ይምታው፣ ይድረቅ።» ይህን ብለው ባዶውን ታንኳ ከውኃው ስበው አወጡት። ከበስተኋላው ውኃው ይንጠባጠብ ነበር፤ ሁለት ሰው ካልረዳው የሚነሣ አይመስልም።

እታለም ያኔ ወረቀቷን አወጣች። ፓይተን የአንድን ነገር ክብደት ቢጠይቁት ይናገራል። በተለመደው ባለ 64 ቢት ፓይተን አንዲት ተራ ኢንቲጀር 28 ባይት ናት። ቀን 32። አሥርዮሽ ያለው ቁጥር 24። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያስረው ከረጢት 64። ድምሩ 148 ባይት። ከሰርቨሩ 12 ባይት ሆኖ የተነሣው መረጃ እኔ ዘንድ ሲደርስ 148 ሆኗል፤ ደንገሉ ጠጥቷል። በ103 ሚሊዮን ሲባዛ 15 ጊጋባይት ያልፋል። ገና ከዚህ በፊት ደግሞ ከሥር ያለው ላይብረሪ ለእያንዳንዷ ዋጋ የርዝመትና የአድራሻ 16 ባይት ይይዛል፤ ጽሑፉን ሲጨምሩበት ለረድፉ ወደ 78 ባይት፣ በጠቅላላው ወደ 8 ጊጋባይት ይሆናል። ሁለቱ ክምሮች ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የእኔ ጎተራ የመጀመሪያውን ክምር እንኳ መቻል አልቻለም።

«ጣናን በአንድ ትንፋሽ ልትጠጣ ነው የተነሣኸው» አለችኝ። «በቅል ቅዳ።»

ቅሉ «ከርሰር» ይባላል። ለሰርቨሩ፣ «ይህን ጥያቄ አዘጋጅልኝ፣ ግን አትላክልኝ፤ በጠየቅሁህ ቁጥር ይህን ያህል ስጠኝ» ማለት ነው። በሳይኮፒጂ ከርሰሩን ሲከፍቱ ስም ይሰጡታል፤ በዚያች ስም ብቻ ጠባዩ ይለወጣል። ስም የሌለው ከርሰር ሁሉን ወደ እኔ ይከምራል፤ ስም ያለው ሰርቨሩ ዘንድ ይቀመጣል። ረድፎቹን በተራ ስናነብ፣ ሌላ ካላዘዝነው በቀር፣ በሳይኮፒጂ 2 በአንድ ጉዞ 2,000 ረድፍ ያመጣል። 2,000 በ148 ቢባዛ 300 ኪሎባይት አይሞላም። 8 ጊጋባይት ላላት ማሽን ይህ ምንም አይደለም።

ቅሉ ግን በጣም ትንሽ ከሆነ መንገዱ ይበዛል። በ2,000 ከሄድን 51,827 ጊዜ መመላለስ አለብን። አንዱ ጉዞ በኔትወርኩ ላይ 20 ሚሊሰከንድ ቢጠፋበት፣ በመንገድ ብቻ 17 ደቂቃ ይሄዳል። ቅሉን ወደ 50,000 ብናሰፋው ጉዞው 2,074 ይሆናል፤ የመንገዱ ጊዜ ወደ 41 ሰከንድ ይወርዳል፤ በፓይተን በኩል በእጃችን ያለው ጭነትም ከ7 ሜጋባይት ተኩል አያልፍም። ከዚያ በላይ ማስፋት የሚያተርፈው ጥቂት ነው። እንጨት ጫኙ አባት የታንኳቸውን ልክ እንደሚያውቁት፣ ሰው የራሱን ማሽንና የራሱን መስመር ለክቶ ነው ይህን ቁጥር የሚያገኘው።

ያን ዕለት ማታ ደስ ብሎኝ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ከርሰሩን በስም ከፈትሁ። ቁጥሩን 50,000 አደረግሁ። ፕሮግራሙ ሮጠ፤ ማራገቢያው ዝም አለ። ተኛሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ያው ወፍጮ ቀሰቀሰኝ።

ምን አድርጌ ነበር? በቅል እየቀዳሁ አንድ በርሜል ውስጥ ስገለብጥ አድሬያለሁ። ረድፎቹን በ50,000 እያመጣሁ፣ እያንዳንዷን ወደ አንድ ዝርዝር እጨምራለሁ፤ «በኋላ አሰላዋለሁ» ብዬ። ከርሰሩ ሥራውን በትክክል ሠራ፤ ክምሩን የሠራሁት እኔው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው፤ ከርሰር ተጠቀምሁ ብሎ ከዚያ በኋላ ችግሩን በሰርቨሩ የሚያላክክ ሰው ብዙ አይቻለሁ። የመጣው ረድፍ ወዲያው ሥራ ላይ መዋል አለበት። ይደመር፣ ይጻፍ፣ ከዚያ ይለቀቅ።

ፕሮግራሙን አስተካከልሁ፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የወሩን ድምር ብቻ ይዞ፣ ወሩ ሲያልቅ ወደ ፋይል ይጽፋል። በዚህ ጊዜ በደንብ ሄደ። ሜሞሪው ከፍ ሳይል፣ ዝቅ ሳይል፣ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰባ ሚሊዮን ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

የላፕቶፗ ባትሪ ደህና ነበር፤ ዋይፋዩ ግን ሞተ። ግንኙነቱ ሲቆረጥ ከርሰሩም አብሮ ይሞታል፤ ከርሰር የሚኖረው በአንድ ግንኙነት፣ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ነውና። መብራት ሲመለስ ከዜሮ መጀመር ሊኖርብኝ ነው። እታለም በማግሥቱ ይህን ስትሰማ ሌላ ነገርም ጨመረችልኝ። ትራንዛክሽኑ ለሰዓታት ክፍት ሲሆን፣ ፖስትግሬስ እሱ ሊያያቸው የሚችላቸውን የተሻሩ የረድፍ ቅጂዎች ማጽዳት አይችልም። በእኔ ምክንያት የሌላው ሰው ሠንጠረዥ በጉድፍ ይሞላል። የእኔን ራም አዳንሁ ብዬ የሰርቨሩን ቤት ማቆሸሽ የለብኝም።

እንግዲህ መብራት በሚሄድበት አገር የሚሠራ መንገድ ያስፈልጋል። አንዳንዱ፣ «ከመጀመሪያው ይህን ያህል ዝለልና ቀጣዩን ስጠኝ» ይላል። ይህ ወጥመድ ነው። ሰርቨሩ መቶ ሚሊዮን ረድፍ ዝለል ሲባል፣ መቶውን ሚሊዮን አንብቦ ጥሎ ነው ቀጣዩን የሚሰጠው፤ በሄድን ቁጥር እያንዳንዱ ጉዞ ይረዝማል። እኛ የመረጥነው ቁራጭ በቁራጭ መሄድን ነው። የቁራጩ መለያ ኢንዴክስ አለው፤ ስለዚህ የአንዱን ቁራጭ 15,705 ቀናት ብቻ እንጠይቃለን። በፓይተን 2.3 ሜጋባይት ያህል ነው። ያን አስልተን፣ ውጤቱን ጽፈን፣ የቁራጩን ቁጥር በአንዲት ትንሽ ፋይል ላይ እናስቀምጣለን። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ አጭር ትራንዛክሽን አለው፤ ቁራጩ ሲያልቅ ይዘጋል። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው የአንድ ቁራጭ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ያችን ፋይል ያነባል፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

ይህን ጨርሰን እጄን ወደ ኪሴ ልከትት ስል፣ እታለም አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት እሱ ነበር።

«የፈለግኸው ምንድን ነው?»

«የየወሩን ዝናብ።»

«ታዲያ ቀኑን ለምን ወደዚህ ታመላልሰዋለህ?»

መደመርን ሰርቨሩ ያውቃል። በወር ሰብስብ፣ በቁራጭ ሰብስብ ቢሉት በራሱ ቤት ደምሮ ድምሩን ብቻ ይልካል። 43 ዓመት 516 ወር ነው። በ6,600 ቁራጭ ሲባዛ 3.4 ሚሊዮን ረድፍ፤ በፓይተን ግማሽ ጊጋባይት ገደማ። የመላው ተፋሰስ አማካይ ብቻ ከተፈለገ ደግሞ 516 ረድፍ። ከመቶ ሦስት ሚሊዮን ወደ 516! ያን ጊዜ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር በስልክ ማያ ላይ የሚነበብ ያህል ሆነ። ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም፤ አንዳንዱ ስሌት የግድ የየቀኑን ቁጥር ይፈልጋል፤ ያኔ ቅሉ አለ። ግን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ይህ ነው።

ላይብረሪዎቹ ሁሉን የመከመር ልማድ የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህንም እታለም ነች ያስረዳችኝ። ሁሉ ከደረሰ በኋላ የሚያነብ ሰው ጥያቄው መሳካቱን አስቀድሞ ያውቃል። በጥቂት በጥቂቱ የሚያነብ ግን ግማሹን ሠርቶ ሳለ ስህተት ሊመጣበት ይችላል፤ ስለዚህ የጀመረውን ማፍረስ ወይም ካቆመበት መቀጠል የሚችል መሆን አለበት። ለጥቂት ሺህ ረድፍ ክምሩ ይሻላል። ለሐይቅ አይሆንም።

ሌላ መሣሪያ ለያዛችሁም የሰማሁትን ላካፍል። በፖስትግሬስ የራሱ ተርሚናል የምትሠሩ፣ «ፌች ካውንት» የምትባለውን ቁጥር ብትሰጡት በጥቂት በጥቂቱ ያመጣል። የፖስትግሬስ የክላየንት ላይብረሪ በፈረንጆች 2012 በወጣው ዕትም ረድፍ በረድፍ የመቀበልን፣ በ2024 በወጣው 17ኛው ዕትም ደግሞ በክፍል በክፍል የመቀበልን መንገድ ከፍቷል። በጃቫ የምትሠሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ የአንዱን ጉዞ መጠን ብትወስኑም፣ «ኦቶኮሚት» ካልተዘጋ የፖስትግሬስ ድራይቨር ትእዛዛችሁን በዝምታ ያልፈውና ሁሉን ይከምራል። ስንቱ ይህን ሳያውቅ ተጨማሪ ራም ገዝቷል! የኦራክል የጃቫ ድራይቨር ልማድ ግን ተቃራኒ ነው፤ ካልነገሩት በ10 በ10 ነው የሚያመጣው፤ ለእሱ ችግሩ ሜሞሪ ሳይሆን የመንገድ ብዛት ነው። ማይኤስኪውኤል ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ውጤቱን ሁሉ ክላየንቱ ዘንድ ያስቀምጣል፣ ሌላው ረድፍ በረድፍ ያሳልፋል። በሁለተኛው የሚሄድ ሰው ውጤቱን ሳይጨርስ በዚያው ግንኙነት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አይችልም።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የምተርክላችሁ ስለ አንዲት ላፕቶፕ ብዬ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ጣናን የሚያጠኑ ወጣቶች አውቃለሁ። «ማሽን የለንም» ብለው ጥያቄያቸውን ሲያሳንሱ አይቻለሁ። አርባ ዓመት ይፈልግ የነበረው ጥናት ወደ አምስት ዓመት ይወርዳል፤ ተፋሰሱን ይፈልግ የነበረው ወደ አንድ ጣቢያ ይጠባል። የጊልገል ዓባይ፣ የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭ ውኃ ወደ ጣና የሚገባው እኛው ደጅ ነው፤ ቁጥሩ ግን ትልቅ ማሽን ካለበት ከባሕር ማዶ ተሰልቶ ይመጣልናል። የባሕር ማዶው ስሌት ይቅር አልልም፤ ተጠቅሜበታለሁ። ሐይቁ ሲሸሽ በዓይኑ ያየ ልጅ ግን የራሱን ጥያቄ በራሱ እጅ መቁጠር አለበት። 8 ጊጋባይት ይበቃዋል። 4ም ይበቃዋል።

ወደ መሥሪያ ቤቱ መልሼ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ያው ሰው ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁ። «ችግሩ እኔ ዘንድ ነበር፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ጠይቄ ነው» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና፣ «በወር የተደመረ እንዲዘጋጅልህ ትፈልጋለህ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያ ድምር ለሚጠይቅ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ ጀመር።

516ቱን ረድፎች የያዝሁ ዕለት በማለዳ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። እኒያ አባት ከዘጌ መጥተው ታንኳቸውን አቁመው ያደርቁ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። የ1995ን ሰኔ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት አላስታውስ» አሉኝ። «እንጨቱን አውርጄ፣ ታንኳዬን እየጎተትሁ ጭቃውን እሻገር ነበር። የዳሩ ጭቃ እስከ ጉልበቴ።»

«ዝናቡ ነው ወይስ ጨረጨራ?»

ወደ ዓባይ መውጫ አቅጣጫ አዩ። «ስለ በሩ የሚያውቁት ይናገሩ። እኔ የማውቀውን ልንገርህ፤ ዝናቡ የከዳን በዚያ ዓመት አይደለም፣ ከዚያ በፊት ባለው ክረምት ነው። አንተ የ1995ን ብቻ ካየህ አታገኘውም።»

ላፕቶፗን ጉልበቴ ላይ ከፈትሁ። የ1994ን ክረምት ለማግኘት ወደ እነሱ 2002 መቁጠር ነበረብኝ። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ መስከረምን አወጣሁ፤ አራት ረድፍ። እሳቸው ጠጋ ብለው ማያውን አዩና፣ «ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አሉኝ።